ጭዱ የየት አገር ነው?

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ከወልድያ መጥተው መቐለ፣ ኲሓ ሰፈር ዘመናቸውን የኖሩ፣ የተዳቀሉ ላሞች አርብተው ወተት የሚሸጡ እናት ናቸው። ሁለተኛው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የአገሩ ልጅ፤ ላሟን ከማየቱ በፊት ገንዳዋን ማየት የሚወድ።

ባለላሟ፦ ልጄ፣ እስቲ ይቺን ጥቁሯን እያት። ትኩሳት የላትም፣ አታስልም፣ ጡቷም ደህና ነው። ግን ከወለደች ወዲህ ግድግዳ ትልሳለች፣ ገመድ ታኝካለች፤ ትናንትማ ከውሻ የተረፈ አጥንት ከአፏ አወጣሁ። አራት ወር ሊሞላት ነው፣ ኮርማም አልፈለገች። ጨው አጥታ ነው እንዳትለኝ፣ አሞሌው ይኸው ከፊቷ ነው።

ሐኪሙ፦ አሞሌውን አየሁት፣ አደይ። ፀጉሯንስ አይተውታል? የዓይኗ ዙሪያ ጥቁሩ ለቆ ወደ ቡላ ሄዷል።

ባለላሟ፦ ፀሐይ ነው ብዬ።

ሐኪሙ፦ ፀሐይ ቢሆን ጀርባዋ ነበር የሚቀድመው። ምን ትበላለች?

ባለላሟ፦ የስንዴና የገብስ ጭድ። ከስዋ ጠማቂዎች የምገዛው አተላ። በለስም እሾሁን እያቃጠልን እንሰጣታለን። ፉርሽካ በፊት በቀን ሦስት ኪሎ ትበላ ነበር፤ ዋጋው አልቻል ሲለኝ ቀነስኩባት፣ አሁን በእፍኝ ጣል አደርግላታለሁ።

ሐኪሙ፦ ጭዱ የየት አገር ነው?

ባለላሟ፦ የጭድ አገር ደግሞ ምን ያደርግልሃል? አይሱዙ ያመጣዋል፣ እኔ እገዛለሁ። አንዳንዴ ከሕንጣሎ ነው ይላሉ፣ አንዳንዴ ከውቅሮ ወዲያ፣ አንዳንዴ ከማይጨው።

ሐኪሙ፦ ሦስት ዓይነት ድንጋይ ጠሩልኝ። ላሟ የቆመችው ኲሓ ነው፤ የምትበላው ግን አንድ ወር ሕንጣሎን፣ አንድ ወር ውቅሮን፣ አንድ ወር ማይጨውን ነው።

ባለላሟ፦ ድንጋይ አትበላም እኮ።

ሐኪሙ፦ ድንጋዩ አፈር ይሆናል፣ አፈሩን ስንዴው ይጠጣዋል፣ ስንዴውን እርሷ ትበላዋለች። ከመቐለ እንጀምር። ከተማዋን ከብቦ እስከ ሕንጣሎ የሚሄደው ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ድንጋይ ባሕር ውስጥ የተሠራ የኖራ ድንጋይ ነው፤ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ወደ መቅደላ ሲያልፉ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የጂኦሎጂ ሰው አብሯቸው ነበር። ሠራዊቱ መንገድ ሲጠርግ እርሱ ድንጋይ እየመዘገበ ሄደ፤ ይህንንም አለት በሕንጣሎ ስም ጠራው። የዓለም የጂኦሎጂ መጻሕፍት ዛሬም «የአንታሎ የኖራ ድንጋይ» ይሉታል። የመሰቦ ሲሚንቶ የሚሠራው ከዚህ አካባቢ የኖራ ድንጋይ ነው። ከላዩ ደግሞ በአጉላዕ ስም የሚታወቅ፣ በስሱ እየተላጠ የሚነሣ ሸክላማ ድንጋይ አለ፤ በውስጡ ጀሶ አለበት። እነዚህን ሰንጥቆ ከሥር የገባው ጥቁሩ ድንጋይ ዶለራይት ይባላል፤ እንዳየሱስ ኮረብታው ላይ የሚያዩት።

ባለላሟ፦ ውቅሮና ማይጨውስ?

ሐኪሙ፦ ውቅሮን አልፎ እስከ ገርዓልታ ያለው አሸዋ ድንጋይ ነው። የገርዓልታ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት አለቱ ለመሮ እሺ ስላለ ነው። ወደ ደቡብ አላጄንና ማይጨውን፣ ወደ ምዕራብም ሀገረ ሰላምን ሲይዙ ደግሞ ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ። ገበሬው ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ዋልካ፣ መካይሕ፣ ሑጻ፣ ባእኸል እያለ አፈሩን የሚለየው ከዚሁ ተነሥቶ ነው።

ባለላሟ፦ እሺ፣ ከሦስቱ ድሃው የቱ ነው? እሱን አልገዛም።

ሐኪሙ፦ ነገሩ እንደዚያ ቢቀል ደስ ባለኝ። የአሸዋው አፈር በእርግጥ ድሃ ነው። አብዛኛው ኳርትዝ ነው፤ መዳብም ኮባልትም ፎስፈረስም ከመነሻው ጥቂት ነበረው፤ እሱኑም ዝናብ ያጥበዋል። የኖራው አፈር ግን ድሃ አይደለም፤ ቁልፉ የጠፋ ጎተራ ነው። ፎስፈረስ ይኖረዋል፤ ግን ካልሲየሙ በዝቶ ይዞታል፣ ሥሩ ሊመጠው አይችልም። ዚንክ፣ ብረት፣ ማንጋኒዝ በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ከውሃው እየወጡ ይደርቃሉ። ሊቃውንቱ የአፈርን አሲድነት ፒኤች በሚሉት ልኬት ይለካሉ፤ 7 መካከለኛው ነው፤ የኖራ አፈር ወደ 8 ይጠጋል፣ ያልፋልም። ለፎስፈረስ የሚስማማው ከ6 እስከ 7 ያለው ነው። ከዚያ ወደ ታች ሲወርድም፣ እንደ ብዙው ቀይ አፈር፣ ብረትና አሉሚኒየም ይይዙታል። ስለዚህ የባዛልቱ ቀይ መሬትም ፎስፈረስን በሌላ እጅ ይቆልፋል። በመዳብና በኮባልት ግን ባዛልት ከሁሉም ይሻላል።

ባለላሟ፦ እሳተ ገሞራ ያቃጠለው መሬት ይሻላል ነው የምትለኝ?

ሐኪሙ፦ እንደ ድንጋዩ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ቀላል ነጭ አመድ በሸፈነው መሬት ላይ ከብት ሣሩ እስከ ጉልበቱ ደርሶለት ከስቶ ይሞት ነበር። ብዙ ዘመን ብረት አጥቶ ነው ሲሉ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1935 አውስትራሊያ ውስጥ በተመሳሳይ በሽታ የሚሠሩ ሰዎች የጎደለው ኮባልት መሆኑን አሳዩ። በላም ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ከኮባልት ቫይታሚን ቢ12 ይሠራሉ፤ ኮባልት ከሌለ ላሟ የበላችውን ወደ ጉልበት መለወጥ ያቅታታል፤ ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። ያ አመድ እንደ ባዛልት ከእሳተ ገሞራ ነው የወጣው፤ ኬሚስትሪው ግን ሌላ ነበር።

ባለላሟ፦ አሁን ወደ እኔዋ ተመለስ። አጥንት ለምን ታኝካለች?

ሐኪሙ፦ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፎስፈረስ ነው። በቀን ስንት ሊትር ትታለባለች?

ባለላሟ፦ አሥራ ሁለት። ቀንሳ ነው እንጂ ከዚያ በላይ ነበረች።

ሐኪሙ፦ አንድ ሊትር ወተት 1.2 ግራም ያህል ካልሲየምና 0.9 ግራም ያህል ፎስፈረስ ይዞ ይወጣል። በ12 ሊትር በቀን ከ14 ግራም በላይ ካልሲየም፣ ወደ 11 ግራም ፎስፈረስ ከሰውነቷ ይሄዳል። በዚሁ 300 ቀን ብትታለብ ከ4 ኪሎ በላይ ካልሲየምና ከ3 ኪሎ በላይ ፎስፈረስ ነው። በጆሪካን ተቀድቶ ከግቢዎ ይወጣል፤ ወደ ሕንጣሎም ወደ ማይጨውም አይመለስም። አሁን የገባውን ይቁጠሩ። አንድ ኪሎ ጭድ አንድ ግራም ፎስፈረስ እንኳ አይሞላም። ሰባት ኪሎ ብትበላ ሰባት ግራም አይደርስም፤ ከዚያም ላይ አንጀቷ የሚወስደው ከፊሉን ነው።

ባለላሟ፦ ስንዴው ከመሬት ያወጣው የት ሄደ ታዲያ?

ሐኪሙ፦ ፍሬው ወሰደው! አዝመራ ሲደርስ ተክሉ ፎስፈረሱን ከቅጠልና ከአገዳ እየሰበሰበ ወደ ፍሬው ይልከዋል። ስንዴው ሲፈጭ ደግሞ አብዛኛው ከገለፈቱ ጋር ይቀራል። ያ ገለፈት ፉርሽካ ነው። አንድ ኪሎ ፉርሽካ 10 ግራም ያህል ፎስፈረስ አለው። ሦስት ኪሎ ትሰጧት በነበረ ጊዜ 30 ግራም ከዚያ ብቻ ታገኝ ነበር። ዶሮ ብትሆን ብዙው ያልፋት ነበር፣ ምክንያቱም ተቆላልፎ ነው ያለው፤ የላም ጨጓራ ግን ይፈታዋል። እናም ፉርሽካውን ሲቀንሱ የቀነሱት ማጥገቢያ ብቻ አልነበረም።

ባለላሟ፦ ወይ ጉድ። አተላውን እኮ በባልዲ ጨመርኩላት።

ሐኪሙ፦ አተላ ጥሩ ነው፤ ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ባልዲውን አድርቀው ቢመዝኑት ጥቂት ነገር ነው የሚቀረው። በለሱም ካልሲየም አለው፣ ብዙ፤ ፎስፈረሱ ግን ትንሽ ነው። በጦርነቱ መንገድ በተዘጋ ጊዜ የብዙ ሰው ከብት በበለስ ነፍሱን አትርፏል፣ ይህን ማንም አይክደውም። ነፍስ ማትረፍና ማስረገዝ ግን ለየቅል ናቸው።

ባለላሟ፦ ያን ጊዜ አታንሣው። ጭድም ፉርሽካም መድኃኒትም አልነበረም። ይቺ ያኔ ጥጃ ነበረች።

ሐኪሙ፦ ለዚህም ነው የማነሣው። ላም ፎስፈረስን በአጥንቷ፣ መዳብን በጉበቷ ታስቀምጣለች። ጥጃ ሳለች ያላስቀመጠችውን ስትታለብ ከየት ታመጣዋለች?

ባለላሟ፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናቴ ወልድያ ላሞች ነበሯት። ማዕድን የሚባል ነገር ስሙን አልሰማችም። ላሞቿም ይወልዱ ነበር፣ ይታለቡም ነበር።

ሐኪሙ፦ የእናትዎ ላም በቀን ስንት ትሰጥ ነበር? ሁለት ሊትር? በሁለት ሊትር የሚወጣው ፎስፈረስ ሁለት ግራም አይሞላም። ደግሞም ታስራ አልዋለችም። ጠዋት ገደል፣ ቀትር ላይ ወንዝ፣ ማታ የታጨደ ማሳ፤ በአንድ ቀን ሦስት አራት ዓይነት አፈር ላይ ትግጣለች፤ ግራር ትቀነጥባለች፣ ሥሩ ጥልቅ የሆነ ዛፍ ከታች ያወጣውን ትበላለች፣ ጨዋማ አፈር ካገኘች ትልሳለች። ዓራዶ የምንለው የአገራችን ከብት እንዲሁ ነው የሚኖረው። የእርስዎ ላም ስድስት እጥፍ ትሰጣለች፣ የሚቀርብላትን እንጂ የምትመርጠው የላትም። ስለዚህ እናትዎ አልተሳሳቱም፤ ላሟም ኑሮዋም ሌላ ነበር።

ባለላሟ፦ ይሁን። አጥንቱ ይኼ ነው፤ የዓይኗ ዙሪያስ?

ሐኪሙ፦ እሱ መዳብ ይመስለኛል። ፀጉር ጥቁር ቀለሙን የሚሠራው በመዳብ ነው። ለላም የሚበቃት በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ 10 ሚሊግራም ነው፤ በዓመት ቢደመር 40 ግራም አይሞላም። ለዚያች ታህል ነው ፀጉር የሚለወጠው፣ ደም የሚሳሳው፣ ርግዝና የሚዘገየው። በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም በርናር ፌይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመዳብ እጥረትን በመኖውም በከብቱ ደምም መዝግበዋል።

ባለላሟ፦ ለእኔዋስ ከየት መጣ? አሸዋው ነው?

ሐኪሙ፦ አሸዋውም ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ውሃው ነው። የምታጠጧት ከየት ነው?

ባለላሟ፦ ቧንቧው ሲመጣ ከቧንቧ፤ ብዙ ጊዜ አይመጣም። ያኔ ከጉድጓድ ውሃ እንገዛለን። ጨው ጨው ይላል፣ ማንቆርቆሪያውን ነጭ አድርጎ ይጋግረዋል።

ሐኪሙ፦ የሚጋገረው ኖራው ነው። ሲፈላ የማይወጣም አለ፤ ሰልፌት ይባላል። በጀሶ ውስጥ ያለፈ ውሃ ሰልፌት ይዞ ይወጣል፣ የመቐለም የከርሰ ምድር ውሃ በዚህ ይታወቃል። አሁን ሁለቱን ያገናኙ። የኖራ አፈር ዚንክንና ብረትን ይቆልፋል ብያለሁ፤ ሞሊብደነም የሚባለውን ግን በተቃራኒው ይለቀዋል፣ ተክሉም አብዝቶ ይመጠዋል። ላሟ ሞሊብደነሙን ከመኖው፣ ሰልፌቱን ከውሃው ታገኛለች። ጨጓራዋ ውስጥ ሰልፌቱ ወደ ሰልፋይድ ይለወጥና ከሞሊብደነሙ ጋር ይጣበቃል፤ ሁለቱ አንድ ሆነው መዳቡን ጥርቅም አድርገው ይይዙታል። መዳቡ መኖው ውስጥ ነበረ፤ አንጀቷም ውስጥ አለፈ፤ እርሷ ግን አላገኘችውም። ጭዱን ብቻ የመረመረ ሰው በቂ መዳብ አለ ብሎ ይመለሳል።

ባለላሟ፦ ይህን በዓይኑ ያየ አለ?

ሐኪሙ፦ እንግሊዝ ውስጥ ሶመርሴት በሚባል አገር ከብት ለምለም መስክ ላይ ተሰማርቶ በተቅማጥ የሚያልቅባቸው ማሳዎች ነበሩ። ገበሬዎቹ ማሳዎቹን ለይተው ያውቋቸው ነበር፤ ምክንያቱን ግን ማንም አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1938 ፈርጉሰንና ባልደረቦቹ የሣሩ ሞሊብደነም መብዛቱን አገኙ፤ ላሞቹ መዳብ ሲሰጣቸው ዳኑ። የዚያ መሬት አለትና የእኛው የአጉላዕ ድንጋይ በአንድ የምድር ዘመን፣ ጁራሲክ በሚባለው፣ ባሕር ያስቀመጣቸው ናቸው። የእኛም ያንኑ ያህል ሞሊብደነም አለው ማለቴ አይደለም፤ ይህ በልኬት እንጂ በዝምድና አይታወቅም። መጠርጠር ያለብኝን ግን ያሳየኛል።

ባለላሟ፦ አቧራውስ? ጭዱ አቧራ ነው የሚያወጣው።

ሐኪሙ፦ ደግ አነሡት። ቀይ አቧራ ብረት ነው፤ ብረት ሲበዛም መዳብን ያስቀራል። ቢያራግፉት ይጠቅማታል።

ባለላሟ፦ እንግዲህ የአሞሌው ነገር። አባቶቻችን በአሞሌ ገበያ የተገበያዩት፣ ግመል ከአፋር በርሃ እስከዚህ ሲያመላልሰው የኖረው በከንቱ ነው?

ሐኪሙ፦ በከንቱ አይደለም፣ አያንሡት ከፊቷ። የደጋ ሣርና ጭድ ሶዲየም የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ላም ያለ ጨው አትኖርም። ግን አሞሌ የደረቀ የባሕር ጨው ነው። ፎስፈረስ አይሰጣት፣ መዳብም አይሰጣት። አዮዲንም ጥቂት ነው ያለው፤ ለሰው ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2011 እ.ኤ.አ. ደንብ የወጣው ለዚህ ነው፤ ለላም ግን ደንብ የለም። አሞሌው ሌላውን ተሸክሞ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። ጨውን ስለምትወደው፣ ተፈጭቶ የተቀላቀለበትን ሁሉ ትልሰዋለች።

ባለላሟ፦ ምን ልቀላቅል? አጥንት ከፈለገች አጥንት ፈጭቼ ልስጣት?

ሐኪሙ፦ ጥሬውን በጭራሽ! ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አርኖልድ ታይለር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ ይህንኑ ነው ያጠናው። ከብቱ ፎስፈረስ አጥቶ በመስክ የወደቀ አጥንት ያኝካል፤ በበሰበሰው አጥንት ላይ ያለው መርዝ ሽባ አድርጎ ይገድለዋል። ታይለር በንጽሕና የተዘጋጀ የአጥንት ዱቄት ሲሰጣቸው አጥንት ፍለጋውም ሞቱም ቆመ። በእኛ አገር ደግሞ አባ ሰንጋ አለ፤ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት አጥንት ለብዙ ዓመት በሽታውን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ አጥንት የሚሰጥ ከሆነ ጥቁሩ ጠፍቶ ነጭ ዓመድ እስኪሆን ድረስ መቃጠል አለበት፤ በእጅ ሲጨበጥ የሚፈርስ። የተቃጠለ አጥንት ካልሲየምም ፎስፈረስም አለው። ዳይካልሲየም ፎስፌት ካገኙ ግን እሱ ይሻላል። ፉርሽካውን ደግሞ፣ ሦስት ኪሎ ባይሆን አንድ ተኩል፣ ለምትታለበዋ ይመልሱላት።

ባለላሟ፦ መዳቡስ? ገበያ ላይ ያለውን የማዕድን ዱቄት ልግዛ?

ሐኪሙ፦ ከመግዛትዎ በፊት ልመርምር። የማዕድን ዱቄት ሁሉ ለሁሉም አገር አይሠራም፤ ሌላ አገር ለሌላ መሬት የተቀመመ ይሆናል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ ያለው የእህል ሴሌኒየም፣ ዚንክ፣ ካልሲየምና ብረት ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል። እህሉ ሰው የሚበላው ነው፤ ጭዱ ግን የዚያው ማሳ ነው። መንግሥትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአገሩን አፈር በካርታ ሲያነሣ ቦታ ቦታው የተለያየ ነገር እንደጎደለው አይቶ ማዳበሪያውን እንደየወረዳው እንዲለይ አድርጓል፤ ድኝ፣ ቦሮን፣ ዚንክ እየጨመረ። ለገበሬው ማሳ የታሰበው ነገር ለከብቱ ገንዳ አልታሰበም። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው፣ አደይ። ካርታው እያለ በደፈናው እንሰጣለን።

ባለላሟ፦ እኔ ካርታ የለኝም፤ ያለኝ ጭድ ሻጭ ነው።

ሐኪሙ፦ ሻጩን ይጠይቁት፣ በደብተርም ይጻፉት፤ በየትኛው ወር የየት ጭድ እንደ ነበረ፣ ወተቱ ስንት እንደ ነበረ። እንደዚያ የጻፈ ሰው ለሐኪም ከላቦራቶሪ ያላነሰ ይረዳል። ከተቻለም ጭዱን አይለዩት፣ የማይጨውንና የሕንጣሎውን ደባልቀው ይስጧት፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው በከፊል ይሞላል።

ባለላሟ፦ ደሟን መቼ ትወስዳለህ?

ሐኪሙ፦ ነገ ጠዋት፣ ከአራቱም ላሞችዎ። የአንዲቷ ብቻ ያሳስታል፤ ጉበቷ እስኪራቆት ድረስ ደሟ ደህና መስሎ ይቆያልና። ውሃውንም ከጉድጓዱ በንጹሕ ጠርሙስ ያስቀምጡልኝ። እስከዚያ ምንም አዲስ ነገር አይስጧቸው።

ባለላሟ፦ ሁለቱ በጎቼም ከላሞቹ ገንዳ ነው የሚልሱት። ለእነሱም ይጠቅማቸዋል እንግዲህ።

ሐኪሙ፦ ያ ደግሞ አይሆንም! መዳብ የገባበትን የላም ማዕድን በግ እንዳይቀምሰው። በግ ትርፉን መዳብ ማስወጣት አይችልም፣ ጉበቱ ውስጥ ያከማቸዋል። ሳምንታት ደህና ይመስላል፤ አንድ ቀን ደሙ ይፈርስና ዓይኑ ቢጫ፣ ሽንቱ እንደ ቡና ሆኖ ይሞታል።

ባለላሟ፦ ዛሬ ማታውኑ ገንዳቸውን እለያለሁ። የበጎቹን ከዚያ ከአጥሩ ወዲያ አደርገዋለሁ፤ ላሞቹ ያሉበት እንዳይደርሱ መዝጊያም አስመታለሁ።

ሐኪሙ፦ አሞሌውን ግን ለሁለት ይክፈሉት፤ እሱ ለበጎቹም ያስፈልጋቸዋል።